የቅዳሜ ጠዋት መስመር

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ ለሚሊ፣

ፈጣሪ ጤናህን ከነአሥር ጣቶችህ ያቆይልኝ። እኔም እናትህም ደህና ነን። ሱቁም እንደቆመ ነው። ጎረቤታችን ነርሷም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ መስኮቷን ለሦስተኛ ጊዜ ሰብራ ለሦስተኛ ጊዜ ገጥመንላታል። ሰላምታው እዚህ ላይ ያበቃል።

ያለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ካለህበት ሰው አገር ለእናትህ ስትደውል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ነው?" ስትልህ "አይ እማዬ፣ ትናንት ማታ ከልጆቹ ጋር ትንሽ ወጣ ብለን ነበር" አልካት። እሷም አየር ልትቀበሉ የወጣችሁ መስሏት "ጎሽ፣ ቤት ታፍኖ መዋል ጥሩ አይደለም" አለችህ። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ከሠራተኛ ጋር የዋልኩ ሰው ነኝ፤ "ትንሽ ወጣ ማለት" ስንት ጠርሙስ እንደሆነ አውቃለሁ። ይባስ ብሎ ከኋላህ የመቁረጫ ማሽን ይጮህ ነበር። ሥራ ላይ ነበርክ ማለት ነው። በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ጭንቅላት፣ መስታወት ይዘህ።

ላስተምርህ አይደለም የምጽፈው። አሥር ዓመት እጄ ሥር ሠርተሃል፤ አስተምሬህ ጨርሻለሁ። ሚሊ ያልኩህም አንድ ሚሊሜትር እንኳን ስለማትስት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እኛ ሱቅ ጠዋት መቁረጫ ከመነካቱ በፊት ምን ይደረጋል? ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ አንድ ቁርጥራጭ መስታወት ያነሣና በማርከር ክንድ የሚያህል መስመር ያሰምራል፤ ማስመሪያ ሳይዝ። ከዚያ ማስመሪያ ይቀመጥበታል። በመሐላቸው የክብሪት እንጨት ከገባ ያ ሰው የዚያን ቀን መጥረጊያ ይይዛል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ታሞም ይሁን፣ ከሚስቱ ተጣልቶም ይሁን፣ ሲጠጣ አምሽቶም ይሁን የራሱ ጉዳይ ነው። መስታወት አይነካም፤ አለቀ። ይህን ሥርዓት እኔም ሥራ ካስተማሩኝ ሽማግሌ እንደወረስኩት መቶ ጊዜ ነግሬሃለሁ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስልክህን አልፈልግም። በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ፤ ከግርጌው ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመግባትህ በፊት ያሰመርከው አንድ መስመር ይኖራል። እኔ ደግሞ ማስመሪያ አለኝ።

እዚያ ጥሩ የመስታወት መቁረጫ አይጠፋምና ሁለት ላክልኝ። የኔው ሰሞኑን አልታዘዝ ብሎኛል።

አጎትህ


ጥቅምት 29

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለእርስዎም፣ ለእማዬም፣ መስኮት ለምትሰብረው ነርስም ጤና እመኛለሁ። ደብዳቤዎ በሰላም ደርሶኛል፤ ለኔ ግን ሰላም አልሰጠኝም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው ጋሼ። ሰው አገር ተቀምጬ፣ ኪራዬን ከፍዬ፣ ልብሴን አጥቤ ስኖር መስመር አስምር እባላለሁ። ይሁን፣ አሰምራለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩ እርስዎ እንደሚያስቡት እንዳልሆነ ላስረዳዎት።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን። አንዱ አናጢ ነው። ሌላው ረጅሙ የምንለው ነው፤ የበሩ መቃን ላይ ግንባሩን ሳይገጭ የዋለበት ቀን የለም። ረጅሙና እኔ አንድ ሱቅ ነው የምንሠራው፤ ትልቅ መስታወት ሲመጣ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ እንይዛለን። እዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሰውን አያናግርም። ጠዋት ጨለማ፣ ማታ ጨለማ ነው። ዓርብ ማታ ብቻ ነው ሰው ሰው የምንሸተው።

ደግሞም ዝም ብለን አንጠጣም፤ ሕግ አለን። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማሟሟቂያ አለ፤ መጠጥ ቤት ውድ ስለሆነ ከቤት ሞቅ ብሎን ነው የምንወጣው። ከዚያ በፊት እራት አንበላም፤ ምግብ ሞቅታውን ያበላሸዋል ይላል አናጢው። ቀጥሎ መጠጥ ቤት እንሄዳለን፤ እዚያ ቢራ ብቻ ነው፤ ቢራ ደግሞ አይቆጠርም። ስንመለስ መዝጊያ አለ፤ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ማደር አይሆንልንም። ከዚያ አራት ሰዓት ያህል እንተኛለን፣ በቀዝቃዛ ውኃ እንታጠባለን፣ ሁለት ኩባያ ጥቁር ቡና እንጠጣለን፣ ሥራ ስንገባ እንደ አዲስ ነን። ራሳችንን ከከበደን ከሥራ በኋላ አንዲት ቢራ ለጨብሲ እንላለን። ይኸው ነው። እርስዎ እንደሚያወሩት የወደቀ የለም፣ የተነሣ የለም።

ሁለቱን መቁረጫ ከአንድ መንገደኛ ጋር ልኬአለሁ። ለእማዬ ምንም አይንገሩብኝ።

መስመሩም ይኸው ከታች፤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተሰመረ። ክብሪትዎን ይዘው ይቅረቡ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 24

ለሚሊ፣

ፈጣሪ ማስተዋል ያድልህ፤ ጤናውን መቼም አንተው በእጅህ ይዘህ እየተጫወትክበት ነው።

መስመርህን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ማስመሪያ አስቀመጥኩበት። ክብሪት አልገባም። ወረቀት አልገባም። ከእናትህ ራስ ላይ አንድ ፀጉር ነቅዬ ሞከርኩ፤ እሱም አልገባም፤ እሷም እስካሁን አኩርፋኛለች። አርባ ዓመት ሳሰምር እንዲህ ያለ መስመር አሰምሬ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አደረግኩት። በአንድ በኩል ቀለሙ ጥርት ብሎ ተቆርጧል፤ በሌላው በኩል ትንሽ ፈሰስ ብሏል።

ማስመሪያ ተጠቅመሃል አይደል? የሰው እጅ እኮ ይተነፍሳል። ምንም ያልጠጣ ሰው እጅ እንኳን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። የሠለጠነ ዓይን እንዲኖርህ አሥር ዓመት ለፋሁ፤ አንተ ግን እኔ ዓይን ያለኝ አልመሰለህም።

ሕጋችሁን ለነርሷ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቢራ አይቆጠርም የሚለው ላይ ስደርስ መሳቋን አቆመች። "ጉበቱ ግን ይቆጥራል በለው" አለችኝ። ባዶ ሆድ መጠጣት በራስ አንገት ላይ ገመድ መሳብ ነው አለች፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጠግባችሁ ብሉ፣ በየመሐሉ ውኃ ጠጡ። ቤት ውስጥ ስትቀዱ ለክታችሁ ነው ወይስ በዓይን? መጠጥ ቤት ቢያንስ መለኪያ አለ፤ ቤት ውስጥ መለኪያው የራሳችሁ እጅ ነው፣ ያም እጅ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ቸር ይሆናል። ቡናውና ቀዝቃዛ ውኃው ደግሞ ሰካራሙን ያነቁታል እንጂ ስካሩን አያወጡለትም። ጉበት በራሱ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ አለቃ ቢጮህበትም አይቸኩልም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነኝ ብሎ ሊምል ይችላል፤ መጠጡ ግን ገና ደሙ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ስለዚህ ከሥሩ አስምሬበታለሁ፣ ያለ ማስመሪያ። ከእናንተ አንዱ ተዝለፍልፎ ቢወድቅ በጀርባው አስተኝታችሁ እንዳትሄዱ። በጎኑ አጋድሙት። ብቻውን አትተዉት። ስትቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ አምቡላንስ ጥሩ። ይተኛበት ብላችሁ አትለፉ።

መቁረጫዎቹ ደርሰውኛል። እነሱም አይታዘዙም፤ ስለዚህ ዓይኔ ሳይሆን አይቀርም። የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። ከሱ በፊት ግን ሌላ መስመር እፈልጋለሁ። ጠማማም ቢሆን ግዴለም፤ ያንተ ይሁን ብቻ።

አጎትህ


ታኅሣሥ 20

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አዎ፣ ማስመሪያ ነው። እንዲያውም ማስመሪያ አይደለም፣ የአሉሚኒየም ፍሬም ጠርዝ ነው። ያን ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልቀና ሲለኝ፣ ሥራም ሲረፍድብኝ ፍሬሙን አስደግፌ ሳብኩት። ይኸው ነው ወንጀሌ። አጣርተው ስለያዙኝ እንኳን ደስ ያለዎት።

እዚህ ማንም መስመር አያሰምርም። አለቃችን ሰው በሰዓቱ ከገባ ሌላ ነገር አይጠይቅም። እኔም በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስታወት ሰብሬ አላውቅም። እርስዎ ግን ገና ሳልሰብር መጥረጊያ አስያዙኝ። ነርሷንም፣ ቆይተው ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ በኔ ጉበት ላይ ሊያነጋግሩ ነው።

እርስዎስ ግን ጋሼ? ከግራ እጅዎ የጎደሉት ሁለት ጣቶችስ? ልጅ ሆኜ ስጠይቅዎ "መስታወቱ ስንጥቅ ነበረበት" ይሉኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት እማዬ ሳታስበው አመለጣት፤ ከሠርግ በመጡ ማግስት ጠዋት ነው የተቆረጡት አለችኝ። ስለዚህ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ጠዋት የእርስዎ መስመር እንዴት ነበር? መጥረጊያውንስ ማን ያዘ?

መነጽሩን በፖስታ ልኬአለሁ። መስመር የለም።


ጥር 25

ለተከበሩ ጋሼ፣

ባሉበት ደህንነትዎን እመኛለሁ። የዛሬው የእውነት ነው።

ከጻፍኩ አምስት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። ፖስታ ቤቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ያን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እየሮጥኩ ነበር። ገና መንገዱን ሳልሻገር መልሼ ላወጣው እጄን በቀዳዳው ሰደድኩ፤ አልደረሰልኝም። አንዲት ሴትዮ ሌባ መስያቸው ቆመው ያዩኝ ነበር።

ለእማዬ ስደውል "አጎትህ ደህና ነው፣ ሱቅ ነው" ትለኛለች። "እስኪ ስጪኝ" ስላት "እየጠረገ ነው" ትለኛለች። በደወልኩ ቁጥር እየጠረጉ ነው። ላለማናገር ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ፤ ይሄ አያሳምንም።

ስለ ጣቶችዎ የጻፍኩት ነገር የልጅ ንግግር አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሚሊ


የካቲት 12

ለሚሊ፣

ፈጣሪ ከኔ የተሻለ ዕድሜ፣ ከኔ የተሻለ ልብ ይስጥህ።

የዘገየሁት ተቆጥቼ ነው። ሁለት ሳምንት ተቆጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት የተቆጣሁት እውነቱን ስለጻፍክ መሆኑ ገባኝና ይበልጥ ተቆጣሁ። አሁን ደከመኝ፤ ስለዚህ ልንገርህ።

የወዳጄ ሠርግ ነበር። ከቤት ጀመርን፣ ሠርጉ ላይ ቀጠልን፣ ሙሽሮቹን ከሸኘን በኋላ ደግሞ ለመዝጊያ ብለን ሌላ ቤት ገባን። ሦስቱን ዙር አንተና አናጢው የፈጠራችሁት እንዳይመስልህ። አራት ሰዓት ያህል ተኛሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ፣ ሥራ ገባሁ። ሰክሬ ነበር ብለህ እንዳታስብ፤ ቢሰማኝማ ቤቴ እቀር ነበር። አንበሳ ነበርኩ። እንዲያውም ስሠራ አንጎራጉር ነበር።

የአንድ ሱቅ የፊት መስታወት ነው፤ የሁለት ሰው ሸክም። ደረጃውን እየወረድን ሳለ እግሬ አንዲት ደረጃ ሳተ። አንዲት ብቻ። በሌላኛው ጫፍ አባትህ ነበር። እሱ ሠርጉ ላይ አልነበረም፤ ጠብታ አልቀመሰም። ለቆ ወደ ኋላ ቢዘል ምንም አይሆንም ነበር፤ መስታወቱ ግን ሙሉ ለሙሉ በኔ ላይ ነበር የሚወርደው። አልለቀቀም። የኔ ሁለት ጣት ሄደ። የሱ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጠሰ።

አባትህ እስኪሞት ድረስ "የማነክሰው ኳስ ስጫወት ተጎድቼ ነው" ይል ነበር። ላንተም እንደዚያ ብሎሃል። ሚሊ፣ አባትህ በሕይወቱ ኳስ ነክቶ አያውቅም። እኔን ከሰው አፍ ለማውጣት ነው። እናትህ ያኔ ገና አላወቀችውም ነበር፤ በኋላ ሲጋቡም ኳስ ነው አላት፣ እሷም ኳስ ነው ብላ ተቀበለች። አምናው ይሁን አዝናልኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። በአንተ ሠርግ ቀን እነግርሃለሁ ብዬ ነበር፤ አንተ ደግሞ ለማግባትም ሰነፍክ።

መስመሩን ከሽማግሌው ወረስኩት ያልኩህም ውሸት ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ጠርሙስ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። መስመሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከሆስፒታል በወጣሁበት ወር። ጠዋት ሰውን ደህና ነህ ወይ ብትለው ደህና ነኝ ይልሃል፤ እኔም ብያለሁ። ለአፉ ሳይሆን ለእጁ የሚቀርብ ጥያቄ ፈለግኩ። ያን ጠዋት መስመርዎ እንዴት ነበር ብለኸኛል። አላሰመርኩም። መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ያንተን ደብዳቤ ላንብብልህ። "ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልቀና ሲለኝ" ብለሃል። በገዛ እጅህ ጽፈህ አላየኸውም። ሦስት ጊዜ አልቀናህም፤ ከዚያ ፍሬም አስደግፈህ ሥራ ገባህ፤ በሌላኛው ጫፍም ረጅሙ ነበር። እሱም አብሮህ ሲጠጣ ነው ያደረው። እኔ እንኳን ያልጠጣ ሰው ነበር የያዘልኝ። ለእናንተስ ማን ነው የሚይዝላችሁ?

መነጽሩ ደርሷል፤ ችግሩ ዓይኔ አይደለም። ከእንግዲህ ምንም አትላክልኝ።

አጎትህ


መጋቢት 16

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ዛሬ መተኛቱን ትቼ ለመጻፍ ተቀምጫለሁ፤ ፊደሌ ቢበላሽ ከድካም ነው።

ደብዳቤዎ ረቡዕ ደረሰኝ። አባዬ በረንዳ ላይ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ኳስ በሬዲዮ ሲሰማ ትዝ አለኝ። ጎል ሲገባ እንኳን ለማን እንደገባ አያውቅም ነበር። ስንት ሰዓት እንዳለቀስኩ አልነግርዎትም። ዓርብ ግን ወጣሁ። ይህንንም እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው። ከመውጣቴ በፊት እራት በላሁ፣ በየመሐሉ ውኃ ጠጣሁ፤ አናጢው "ታመሃል እንዴ?" እያለ ሲስቅብኝ አመሸ።

ረጅሙ ግን ምሳም እራትም አልበላም ነበር። ቤት ውስጥ ከጠርሙሱ ግማሹን ብቻውን ጠጣ፣ መጠጥ ቤትም ቀጠለ፣ ስንመለስ ደግሞ የቀረውን ልዝጋው ብሎ ቆሞ ጨለጠው። ከዚያ ሶፋው ላይ በጀርባው ተዘረረ። እግሩ ከሶፋው ውጭ ተርፎ ሳቅን። አናጢው ጫማውን አወለቀለት፣ ብርድ ልብስ ጣል አደረገለትና "በቃ ይተኛበት" አለ። መብራቱን አጥፍቼ ወደ አልጋዬ ሄድኩ።

ያቺ ቃል ግን አላስተኛችኝም። "ይተኛበት" የምትለዋን የት እንዳነበብኳት ትዝ አለኝ። ተነሥቼ የኅዳሩን ደብዳቤ አወጣሁ። ከሥሩ ያሰመሩበት መስመር ሲጋደም፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው፤ በንዴት የተሰመረ መስሎኝ አለፍኩት። ሄጄ ረጅሙን ጠራሁት። ወዘወዝኩት። ጆሮውን ቆነጠጥኩት። አልነቃም። ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ አንዴ ተነፈሰ፣ ከዚያ የሚቀጥለው አልመጣ ብሎ ቆየ፣ ቆየ፣ እኔም አብሬው ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። አናጢውን ቀስቅሼ በጎኑ አጋደምነው። ገና ሳንለቀው አስመለሰው። በጀርባው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወዴት ይገባ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

አምቡላንስ ልጠራ ስል አናጢው "ለሰካራም አምቡላንስ ይጠራል እንዴ፣ ልታዋርደን ነው?" ብሎ ስልኩን ሊነጥቀኝ ታገለኝ። ጠራሁ። የመጣው ሰውዬ ረጅሙን እያየ "በጎኑ ያጋደመው ማን ነው?" አለ። "ነርስ ናት" አልኩት። "የት አለች?" ብሎ ክፍሉን ዙሪያውን ሲያይ ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ነግቶ ዓይኑን ገለጠ። አፉ ላይ የኦክስጂን መሸፈኛ አለ፣ ክንዱ ላይ መርፌ አለ። "መስታወቱስ?" አለኝ፤ የዚያን ቀን ለአንድ ፋርማሲ መግቢያ ትልቅ መስታወት ነበረብን። እኔም ከሆስፒታሉ በቀጥታ ሥራ ገባሁ። ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤያለሁ፣ ቡና ጠጥቻለሁ። አለቃው ሌላ ሰው ደርቦልኝ "ደህና ነህ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት።

ቁርጥራጭ መስታወት አነሣሁ፣ ማርከር ያዝኩ፣ ሁሉም እያዩኝ አሰመርኩ። ማስመሪያ አስቀመጥኩበት። ክብሪት አላስፈለገኝም ጋሼ፤ ጣቴ ይገባ ነበር። "ዛሬ እጠርጋለሁ" አልኩት አለቃውን። የቀለድኩ መሰለው፤ ከዚያ ጮኸ፤ ከዚያ መስታወቱን ተቀብሎኝ አይቶ አይቶ መልሶ ሰጠኝና ሄደ። ሰኞ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ጠረግኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ማንም ግን አልተቆረጠም።

ረጅሙ ወጥቷል፤ ደህና ነው። ግን አኩርፎኛል። በሰው ፊት በቃሬዛ ስላስወጣሁት። በቀጣዩ ዓርብ ግን ለመጠጥ አልወጣም፤ ከሶፋው በዚያኛው ጫፍ ተቀምጦ እንዳኮረፈ አመሸ። እኔም አልወጣሁም።

ከታች ያለው ያን ቅዳሜ ያሰመርኩት መስመር ነው። ከመስታወቱ ላይ ወረቀት ጭኜ እንዳለ ገለበጥኩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቃል አልገባም፤ አሰምርና አያለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ትናንትም ስደውል እማዬ "እየጠረገ ነው" አለችኝ። ሠራተኛ የለም እንዴ?

ሚሊ


ሚያዝያ 10

ለሚሊ፣

ፈጣሪ አንተንም፣ ያንን ግንባሩ የማይድን ጓደኛህንም ይጠብቅልኝ።

መስመርህ ደረሰኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አስቀያሚ መስመር አይቼ አላውቅም። የሥራ ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስገብቼዋለሁ፤ ደንበኛ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል፣ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው እላለሁ።

ዓርብ ለምን ወጣህ? ረቡዕ አልቅሰህ ዓርብ ትወጣለህ? ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ አላስበውም። ረጅሙ ያኩርፍ። ለማኩረፍም በሕይወት መኖር ያስፈልጋል። አናጢውን ግን እኔ በአካል ባገኘው ደስ ይለኛል። ነርሷ ደብዳቤህን ክሊኒክ ወስዳ ለሁሉም አነበበችው፤ "የት አለች?" የሚለው ጋ ስትደርስ ቆማ እጇን ታወጣለች አሉ። መስኮቷ ለአራተኛ ጊዜ ተሰብሯል።

ሠራተኛ አለ ወይ ብለሃል። ሁለት አሉ፤ የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። መቁረጫ ላክልኝ ያልኩህ መቁረጫው መስሎኝ ነበር። መነጽር ያልኩህ ዓይኔ መስሎኝ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል ሚሊ። ሐኪሙ አየው፤ መድኃኒት ሰጠኝ፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አለኝ። ከዚያ ሠርግ ወዲህ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም፣ ይህን ለሐኪሙም ምዬ ነግሬዋለሁ፤ "አውቃለሁ፣ ከመጠጥ አይደለም" አለኝ። እንዲያ ሲለኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ቢያንስ ከመጠጥ ቢሆን የማቆመው ነገር ይኖረኝ ነበር።

በየጠዋቱ ከሁሉም ጋር አሰምራለሁ። ክብሪት ይገባል። መጥረጊያ አነሣለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን "ጋሼ፣ ይተዉት" ብለው ሊቀሙኝ ታገሉ፤ ሕጉ ለምን አይልም አልኳቸው። እናትህ አልዋሸችህም፤ በደወልክ ቁጥር እውነትም እየጠረግኩ ነበር።

ያን ሁሉ የጮህኩብህ ለዚህ ነው። የኔን እጅ ማንም አይመልስልኝም። ሳይጠጣ ሰከረብኝ። ያንተ ደግሞ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ አሥር ዓመት ያሠለጠንኩት፤ አንተም በየዓርቡ ወስደህ ታሰክረዋለህ። ያንን ፍሬም ተደግፎ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ሳይ ለአንድ አፍታ እጅህ የኔን የሚተካ መስሎኝ ነበር። የእናትህን ፀጉር የነቀልኩት በደስታ ነበር።

ከታች የኔ የዛሬ ጠዋት መስመር አለ። ማስመሪያህን አስቀምጥበትና ስንት ክብሪት እንደሚገባ ቆጥረህ ጻፍልኝ፤ እዚህ ያሉት አዝነውልኝ አሳንሰው ነው የሚቆጥሩት። ያንተንም የቅዳሜውን ላክ። አሁን ልነሣ፤ ሱቁ አልተጠረገም።

አጎትህ